በአንድ ሽቦ የተጠመዱ

ከጀርመን ጋር ጦርነት በፈነዳ በመጀመሪያው የብርድ ወራት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የግሪምስቢ ወደብን የዓሣ መርከቦች እየመረጠ ሲወስድ፣ ኢኖስ ቦሪልም ከነመርከቡ ተወሰደ። መርከቢቱ «ኤልዛ ግሬይ» ትባላለች። ከአሥር ዓመት በላይ ካፒቴኗ ሆኖ ሰሜን ባሕርን ሲያርስባት ኖሯል። አሁን መረቦቿ ተፈትተው መጋዘን ገቡ። ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ የሚመስል ትንሽ መድፍ አፍንጫዋ ላይ ተተከለ። ጎኗ ግራጫ ተቀባ። ዓሣ በበረዶ ይደረደርበት የነበረው ሆዷ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ እንደገና ታጥቦ የመርከበኞች መኝታ ሆነ። ሽታው ግን ወይ ፍንክች።

«ብርድ ልብሴን ስገልጥ አንድ ዓሣ አብሮኝ የተኛ ይመስለኛል» ይል ነበር ምክትሉ ዋልት ማሮውስ። «ሚስቴም እንደዚያ ይመስላታል። እሷ ግን ለምዳዋለች።»

ለኢኖስም የደንብ ልብስ ተሰጠው። አንገትጌው ስለሚያንቀው ወደቡን ለቀው ሲወጡ አውልቆ፣ ሚስቱ በሕይወት ሳለች የሠራችለትን የሱፍ ሹራብ ይለብሳል፤ ሲመለሱ ደግሞ የደንብ ልብሱን መልሶ ያጠልቃል። ስለዚህ ነገር ማንም ምንም ብሎት አያውቅም።

ሥራው ሲናገሩት ቀላል ነው። ሁለት መርከቦች እንደ በሬ ይጠመዳሉ። ቀንበራቸው ከአንዱ ኋላ ተነስቶ ባሕር ውስጥ ሰጥሞ ወደ ሌላው ኋላ የሚደርስ ረጅም የሽቦ ገመድ ነው። ሽቦው ጠልቆ እንዲሄድ በየጫፉ በብረት የታሰረ ከባድ ሳንቃ ይንጠለጠልበታል። ሁለቱ እኩል እየሄዱ ሲጎትቱት፣ ጀርመኖች ከባሕሩ ወለል ጋር አስረው የተከሉት ፈንጂ ማሰሪያው ይጠለፍና ይበጠሳል። ፈንጂው ሲሰበሩ የሚያፈነዱትን ቀንዶቹን ይዞ ብቅ ይላል። ከዚያ በጠመንጃ መትቶ መገላገል ነው። አንዱ ቀድሞ አንዱ ከዘገየ ግን ሽቦው ይጣመማል፤ ያን ጊዜ ፈንጂው የሚመጣው ወደ ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

መርከቦቹን የሚያጣምረው ሃርግሬቭ የሚባል የባሕር ኃይል ሌተናንት ነበር። ወጣት ቢሆንም ሰው የሚሰማ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። «ኤልዛ ግሬይ»ን ከ«ሩት ግሬይ» ጋር አጣመራት። ሁለቱን መርከቦች ያሠራቸው አንድ ባለሀብት በሁለት ሴት ልጆቹ ስም ሰይሟቸዋል፤ አንድ ዓይነት አካል፣ አንድ ዓይነት ሞተር፣ እኩል ፍጥነት ነበራቸው። ዋልት ይህን ሲሰማ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ወደ ሌተናንቱ ሄደ።

«ጌታዬ፣ አይቆጡኝ እንጂ፣ የ'ሩት ግሬይ' ካፒቴን ጄቤዝ ዳውስ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«የእኛ ካፒቴን እህቱን ድሮለታል። ማለቴ፣ አማቾች ናቸው።»

«ታዲያ ምን ክፋት አለው?»

«አይነጋገሩም፣ ጌታዬ። ዓመታት ሆኗቸዋል። በመንገድ ሲተያዩ አንዱ ይሻገራል። ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ ውሻው እንኳ ያውቃል።»

ሌተናንቱ ትንሽ አሰበ። «ሽቦው እኩል እንዲሄዱለት ነው የሚፈልገው፤ እንዲያወሩለት አይደለም» አለ። «እኩል የሚሄዱ ሌላ ሁለት መርከቦች የሉኝም።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። የእነ ኢኖስ የመጨረሻ ወንድም ሩበን በጄቤዝ ሥር «ሩት ግሬይ» ላይ ይሠራ ነበር። አንድ ጊዜ መርከቢቱ ያለ ሩበን ተመለሰች። በምርመራው ጄቤዝ ተነስቶ «ጠጥቶ ነበር። እግሩ ከዳው፤ ባሕር ወሰደው» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ኢኖስ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ሩበን እንኳን ሊጠጣ የጠጪ ትንፋሽ የማይወድ፣ በቤተ ክርስቲያን ፊት መጠጥ ላልቀምስ ብሎ የማለ ልጅ ነበር። «ውሸታም!» አለው በሰው ሁሉ ፊት። «በማዕበል ውስጥ አስገድደህ አሠርተኸው፣ የካፒቴንነት ፈቃድህን እንዳትነጠቅ ሙት ታሰድባለህ!» ጄቤዝ አልመለሰለትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ተርዛ፣ የኢኖስ እህት የጄቤዝ ሚስት፣ ከባሏ ጋር ቆመች፤ ስለዚህ ኢኖስ እሷንም ተዋት። ሚስቱ ሞታ ብቻውን ሲቀር እንኳ የእህቱን ደጃፍ አልረገጠም።

እንግዲህ እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ሽቦ ተጠመዱ። ባሕር ላይ ሲራራቁ በባንዲራ ይግባባሉ፤ ባንዲራ ደግሞ ኩርፊያ አያውቅም። ችግሩ ጠዋት ሽቦውን ለመቀባበል፣ ወደ ማታ ደግሞ ለመሰብሰብ ሲጠጋጉ ነው። በየመርከቡ ከቆርቆሮ የተሠራ የመጣሪያ መለከት አለ። ኢኖስ መለከቱን ለዋልት ይሰጠዋል።

«ቀስ እንዲል ንገረው።»

«ካፒቴናችን ቀስ በሉ ብሏል!» ይጮሃል ዋልት።

ጄቤዝ እዚያ ማዶ ሁሉን ሰምቷል። ቢሆንም ወደ ራሱ ምክትል ዞር ይላል። ያም መለከቱን ያነሳል። «ካፒቴናችን ካሁን በላይ ቀስ ካልኩ መልሕቅ ጣልኩ ማለት ነው ብሏል!»

«ምን አለ?» ይላል ኢኖስ፣ እሱም ሰምቶ።

«ሰላም ብሎሃል፣ ካፒቴን።»

ወጥ ሠሪው ከጓዳው ብቅ ብሎ «እኔና ሚስቴም እንዲህ ነን፤ እኛ ግን በድመቷ በኩል ነው» ይልና ሁሉም ይስቃሉ፤ ኢኖስ ካልሆነ በቀር።

ሥራው ግን አልተበላሸም። እንዲያውም ከሌሎቹ ጥንዶች ይልቅ እነሱ ቀጥ ብለው ይሄዱ ነበር። ኢኖስ በመሪው ክፍል መስኮት በኩል ማዶ የምትታየውን ግራጫ መርከብ ቀኑን ሙሉ ሲያይ ይውላል። ጄቤዝ መቼ እንደሚታጠፍ፣ ማዕበል ሲመጣ ምን ያህል እንደሚያዘነብል አወቀ። ከማንም ሰው ጋር ይህን ያህል ተያይቶ አያውቅም። ጥላቻው ግን እዚያው ነበር።

አንድ ቀን ወደ ማታ በዮርክሻየር ጠረፍ ትይዩ ፈንጂ ጠርገው ሲያበቁ ሽቦውን ለመሰብሰብ ተጠጋጉ። ባሕሩ የተኛ ይመስላል፤ ከሥር ግን ትልልቅ፣ ዝግ ያለ ማዕበል ይንከባለላል። የ«ኤልዛ ግሬይ» ዊንች ሽቦውን እየጠቀለለ ሳለ ድንገት አቃሰተና ከበደው። በኋላ በኩል የቆመው መርከበኛ እጁን አነሳ፤ አልጮኸም። ኢኖስ ሮጦ ሄዶ ቁልቁል አየ።

ፈንጂው ከሥራቸው ነበር። ማሰሪያው ሳይበጠስ በከባዱ ሳንቃ ዙሪያ ተጠምጥሞ፣ ክብ ጥቁር አካሉ ከመርከቡ ኋላ ክንድ በማይሞላ ርቀት ይወዛወዛል። ማዕበሉ መርከቢቱን ሲያነሳት ፈንጂው ይርቃል፤ ሲያወርዳት አንዱ ቀንድ ወደ ብረቱ ይጠጋል። ቀንዱ ላይ የባሕር ሣር ተንጠልጥሎ ነበር።

«ዊንቹን አቁሙ። ሞተሩንም። ማንም ሰው እንዳይራመድ» አለ ኢኖስ።

ሞተሩ ቆመ። ዝምታው አስፈሪ ነበር። ሽቦውን ቢለቁት ሳንቃው ከነፈንጂው ወደ መርከቡ ሆድ ይዞራል። ቢጎትቱት ያው ነው። መውጫው አንድ ብቻ እንደሆነ ኢኖስ ተረዳ። የሽቦው ሌላኛው ጫፍ አሁንም «ሩት ግሬይ» ላይ ታስሯል፤ እሷ ቀስ ብላ ወደ ጎን ስባ ፈንጂውን ካስለቀቀች በኋላ ጫፉን መጣል ይቻላል። ያን ጊዜ ግን ፈንጂው የሚከተለው ጄቤዝን ነው።

ዋልት መለከቱን አንስቶ «ካፒቴናችን…» ብሎ ጀመረ። ኢኖስ ከእጁ ወሰደው።

«ጄቤዝ!» አለ።

ማዶ ሰዎቹ ሁሉ ቀና አሉ። ጄቤዝ ከመሪው ክፍል ወጥቶ የራሱን መለከት አነሳ።

«ይሰማኛል።»

«ከኋላዬ አንድ ተጠምጥሞብኛል። ከነሕይወቱ ነው። አንተ ወደ ቀኝ ቀስ ብለህ ካልሳብከው አይለቀኝም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጫፌን ልጥል ነው። ይከተልሃል።»

ጄቤዝ መለከቱን ዝቅ አድርጎ ሰዎቹን አየ። ሊያመነታ ይችል ነበር፤ ማንም አይፈርድበትም። ሌተናንቱ በሌላ መርከብ ላይ ሩቅ ነበር፤ ትእዛዝ የሚሰጥ የለም።

«የምትለኝን እሰማለሁ፤ አንተ ዓይኔ ሁን» አለ። «ግን ጥርት አድርገህ ተናገር። አንተ ስትናደድ ቃል ትውጣለህ።»

ኢኖስ በሆዱ ተኝቶ አንገቱን ከመርከቡ ጫፍ አውጥቶ ቁልቁል እያየ መናገር ጀመረ። «ሳብ… ቀስ… በቃ። ቁም። ቁም አልኩህ! ማዕበሉ ይለፍ። አሁን ሳብ። ትንሽ። እንደ ሕፃን ልጅ አድርገህ። አዎ።» ጄቤዝ ሞተሩን ለአፍታ ያስነሳል፤ ያጠፋል፤ ይጠብቃል። ሽቦው ይወጠራል፤ ይላላል። ሳንቃው እያቃሰተ ዞረ። ቀንዱ አንድ ጊዜ ብረቱን ነክቶ ቀለም ፋቀ፤ ኢኖስ የተፋቀውን መስመር አየ፤ ድምፁ ግን አልተለወጠም። «ሳብ፣ ጄቤዝ። ሳብ፣ ወንድሜ» አለ። እንዴት እንዳለው በኋላ ራሱም አላወቀም።

ሳንቃው ከመርከቢቱ ራቀ። ፈንጂውም አብሮት ከሥራቸው ወጥቶ ወደ ጎን ሄደ። ኢኖስ «ጣል!» ሲል ዋልት የሽቦውን መያዣ በመዶሻ መታው፤ ጫፉም ተፈትልኮ ባሕር ገባ። «ሩት ግሬይ» ያንን እንግዳ ከኋላዋ አስከትላ ሄደች፤ ከ«ኤልዛ ግሬይ» በደንብ እስክትርቅ ድረስም ጄቤዝ የራሱን ጫፍ አልለቀቀም። በኋላ ፈንጂው ማሰሪያው ተበጥሶ ብቻውን ሲንሳፈፍ በጠመንጃ መቱት። የባሕር ግንብ ተነሳ፤ በወጥ ሠሪው ጓዳ ውስጥ አንድ ሳህን ሳይቀር ተሰበረ።

መርከቦቹ እንደገና ሲጠጋጉ ዋልት ልማዱ ሆኖበት መለከቱን አነሳ። «ካፒቴናችን አመሰግናለሁ ብሏል!»

«ራሱ ይበለው፤ አሁን ምላስ እንዳለው አውቄያለሁ!» አለ ጄቤዝ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ና። ተርዛ የምትነግርህ አለ» አለ።

እሑድ ኢኖስ ያንን የሚያንቅ አንገትጌ አድርጎ ሄደ። ተርዛ በሩን ከፍታ ቆማ አየችው። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ይህን አላወቀም ነበር። «ግባ፤ ብርዱን አታስገባብኝ» አለችው። የበሬ ሥጋ ጥብስና ድንች ቀረበ፤ ከዚያ ጣፋጩ ፑዲንግ። ስለ ድንች መወደድ አወሩ። ሻይ ሲቀዳ ተርዛ እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ተቀመጠች።

«ሩበን አልጠጣም ነበር» አለች።

«እሱንማ እኔ ነኝ የተናገርኩት።»

«ማዕበልም አልነበረም። ዝም ብለህ ስማኝ፣ ኢኖስ። በጠራራ ፀሐይ፣ ባሕሩ ወተት መስሎ ተኝቶ፣ በገዛ እግሩ ነው የገባው። ጄቤዝ ሮጦ ሊደርስበት አልቻለም። ጀልባ አውርደው ቀኑን ሙሉ ፈለጉት።»

ጄቤዝ ተነስቶ ደህና እየነደደ ያለውን እሳት ይቆሰቁስ ጀመር።

«ይህን ለእማዬ ማን ይነግራታል?» አለች ተርዛ። «በገዛ እጁ የሞተ ለገነት አይበቃም ብላ የምታምን ሴት! ጠጥቶ ወደቀ ብንላት ግን ጠጪን እግዜር ይምረዋል አለች። ስትጸልይለት ኖራ ሞተች። እኛ ያንን መረጥን። ጄቤዝ ውሸታም ተብሎ ኖረ፤ እኔም አብሬው ኖርኩ።»

«እማዬ ሞታለች» አለ ኢኖስ። ፊቱ ቀልቶ ነበር። «ለእኔስ? ከዚያ በኋላ ለእኔ ማን ነገረኝ?»

«አንተን የት አግኝተን? እሷ ስትቀበር ከጉድጓዱ ማዶ ቆመህ እንደ ድንጋይ አለፍከኝ! እጄን ዘርግቼልህ ነበር። አላየሁም ትላለህ?»

አይቶ ነበር። ለዓመታት ያዘለውን ቁጣ አሁን ማን ላይ እንደሚያወርደው አጣ። በሌላ ሰው ላይ ሊያደርገው ሞከረ፤ በሩበን ላይ እንኳ። አልሆነም።

«ለምን?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ እንጃ» አለ ጄቤዝ ከእሳቱ ሳይዞር። «ስንት ጊዜ አሰብኩት። የሚያሳዝነው ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ዝም ይል ነበር እንጂ።»

«ከመግባቱ በፊት ምን አለ?»

«ምንም። ሻዩን ጠጣ። ኩባያውን አጥቦ ቦታው ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወጣ።»

ኢኖስ ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ ስለ ኩባያው ብቻ እያሰበ ሄደ። አጥቦ መስቀሉ ስለ ሩበን ከሰማው ሁሉ ይልቅ ሩበንን ይመስል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ካፒቴኖች መለከቱን ከምክትሎቻቸው ወሰዱ። የሚያወሩት ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ስለ ድንጋይ ከሰሉ መጥፎነት፣ ስለ ጄቤዝ ጉልበት ሕመም፣ ተርዛ ለእሑድ ምን እንደምትሠራ። «እንዳኮረፉ ቢቀሩ ይሻል ነበር» ይል ነበር ዋልት፤ «አሁን መስማት አለብን።» ኢኖስ እሑድ እሑድ እህቱ ዘንድ ይበላል። ስለ ሩበን ዳግመኛ አላነሱም።

ፀደይ ሲገባ የ«ኤልዛ ግሬይ» የእንፋሎት ማሞቂያ ቦይለር አፈሰሰና ለጥገና ወደቡ ውስጥ ቀረች። «ሩት ግሬይ» ለጊዜው ከሃል ከተማ ከመጣች አንዲት መርከብ ጋር ተጣመረች። ግሪምስቢና ሃል ከጥንት ጀምሮ አይዋደዱም። ጄቤዝ ሲወጣ ከመርከቡ ላይ ሆኖ «ከሃል ሰው ጋር ከመጠመድ ከአንተ ጋር ማኩረፍ ይሻለኛል!» ብሎ ጮኸ። ኢኖስም ከዳር ቆሞ «ቃል አትዋጥ፤ አልሰማህም!» አለው።

በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ፈንጂው «ሩት ግሬይ»ን ከመሪው ክፍል ሥር አገኛት። አንድ ሲጋራ ተጨሶ ሳያልቅ ሰጠመች። በአፍንጫዋ በኩል የነበሩ ሦስት ሰዎች ተረፉ። ጄቤዝ ከእነሱ ውስጥ አልነበረም።

ዋልት ኮፍያውን አውልቆ ቦይለሩ ወደሚጠገንበት ሲመጣ ኢኖስ አስቀድሞ ገባው። ሌተናንት ሃርግሬቭ ወሬውን ለተርዛ ራሱ ሊያደርስ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ኢኖስ «እኔ እሄዳለሁ» አለ። ሌተናንቱም እሺ አለው።

ተርዛ ተንበርክካ የደጃፏን ደረጃ ታጥብ ነበር። ጥላው ሲያርፍባት ቀና አለች።

«መርከብህ ወደብ ውስጥ ናት አይደል?»

«አዎ።»

«ዛሬ እሑድ አይደለም።»

«አይደለም» አለ።

አየችው። ከዚያ አጎንብሳ የቀረውን ደረጃ ማጠብ ጀመረች፤ እስከ ጥጉ ድረስ አጠበችው። ኢኖስ አጠገቧ ቆሞ ጠበቃት። ስትጨርስ ባልዲውን አነሳላትና አብረው ገቡ።

ቦይለሩ ተጠግኖ «ኤልዛ ግሬይ» ስትወጣ የተሰጣት «ሩት ግሬይ» የሰጠመችበት ያው መስመር ነበር፤ የንግድ መርከቦች ተሰልፈው ይጠብቃሉና መንገዱ መከፈት ነበረበት። የተጠመደችውም ከዚያችው ከሃል መርከብ ጋር ነው። ካፒቴኗ ፐርሲ ጌል የሚባል ወፍራም፣ አፉ የማያርፍ ሰውዬ ነበር። በተጠጋጉ ቁጥር መለከቱን አንስቶ ስለ ምራቱ ክፋት፣ ስለ ሆዱ ቁርጠት፣ ስለ ሃል ዓሣ ጣዕም ይለፈልፋል። መርከበኞቹ ዓይናቸውን ይገለብጣሉ። ኢኖስ ግን ሁሉንም ይመልስለታል፤ ስለ ምራቱም፣ ስለ ሆዱም።

አንድ ጠዋት ጌል መለከቱን አነሳና «እኔ'ኮ ነበርኩ ሽቦው ማዶ» አለ። «ጄቤዝን ማለቴ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ነው አብረን የሠራነው። ብዙም አላናገረኝም። ዝምተኛ ሰው ነበር እንዴ?»

«አይ» አለ ኢኖስ። «ዝምተኛው እኔ ነበርኩ። እሱ ደህና ተናጋሪ ነበር፤ የሃል ሰው ስለሆንክ ነው።»

ጌል ሳቀ። ባንዲራው ተሰቀለ፤ ሁለቱ መርከቦች ሽቦውን መሃላቸው ባሕር ውስጥ እያሰመጡ፣ እኩል እየሄዱ ተለያዩ።